ቤቱን የያዘው ማን ነው?

ባለፈው ጥር የአክስቴ ልጅ ሰርግ ሊበላሽ ለጥቂት ነበር። የጥሎሽ ጉዳይ አልነበረም፤ የሃይማኖት ጉዳይም አልነበረም። አዳራሹ ነው።

ልጁ ከበቆጂ ብዙም በማትርቅ አንዲት ከተማ ውስጥ ያለ አሮጌ ግቢ ተከራየ። ሰፊ በረንዳ፣ ከፍ ያለ ጣሪያ፣ ደጃፉ ላይ ዕድሜ ጠገብ ፅዶች ያሉበት፣ በንጉሡ ዘመን የአንድ ባለ ብዙ መሬት ሰው መኖሪያ የነበረ ቤት ነው። አሁን አንድ ሰው ከመንግሥት ተከራይቶ አድሶታል። ቀለም ቀብቶ፣ አምፖል ደርድሮ፣ ለሰርግ፣ ለምረቃና ለስብሰባ ያከራየዋል። ለፎቶ የሚያምር ነው፤ እውነቱን ለመናገር እኔም ወድጄው ነበር። ቀብድ ተከፈለ፣ የጥሪ ካርድ ታተመ። ከዚያ አክስቴ ሰማች።

«እዚያ ቤት ልጄን አልድርም፤ ሌሊት ሰው ይጮህበታል» አለች።

ልጇ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። ለሁለት ሳምንት ቤተሰቡ በሁለት ጎራ ተከፈለ። በመጨረሻ አንዱ አጎቴ ወደ እኔ ዞረና «አንተ ጋዜጠኛ ነህ አይደል? ሂድና አጣራ» አለኝ። በፍሪላንስ ሥራዬ ስለ ገብስ ዋጋ፣ ስለ ሯጮች፣ ስለ መንገድ ጽፌአለሁ። ሰይጣን አጣራ ስባል ግን ይሄ የመጀመሪያዬ ነው፤ ያውም ያለ አበል።

ሄድኩና ጠየቅሁ። አንዷ ጎረቤት የባለቤቱ ገረድ ጉድጓድ ውስጥ ገብታ ሞታለች አለችኝ። ባለ ሱቁ ደግሞ ሰውዬው ወርቅ ቀብሮ ጠባቂ መንፈስ እንዳስቀመጠበት ነገረኝ። ሦስተኛው ዝም ብሎ «ሰይጣን ይዞታል» ነው ያለኝ፤ ዝርዝር የለውም። አራተኛው የባጃጅ ሹፌር ነው፤ ወሬውን ያስወራው ቤቱን በርካሽ ሊከራይ የፈለገ ሌላ ነጋዴ ነው ብሎ ይምላል። (ይሄኛውን ለማመን በጣም ቀርቤ ነበር።)

ከአራቱም ውስጥ አንድም ሰው ስም አልጠራልኝም። ገረዷ ስም የላትም። ወርቅ ቀባሪው «ሰውዬው» ነው። ሰይጣኑማ ከመጀመሪያውም ስም አያስፈልገውም።

እዚህ ላይ አንድ የቋንቋ ነገር ልንገራችሁ፤ ሁለት ቋንቋ እየሰሙ ማደግ አንዳንዴ እንዲህ ይጠቅማል። በአማርኛ ሰው የለቀቀውን ቤት «ወና» እንለዋለን። ወና ቤት ባዶ አይቀርም፤ ጋኔን ይገባበታል ይባላል። ጋኔኑ ግን ቤቱ ውስጥ የኖረ ሰው አይደለም፣ ከውጭ የመጣ ነው። መፍትሔውም ግልጽ ነው፦ ጠበል ይረጫል፣ ዱዓ ይደረጋል፣ ይወጣል። በኦሮምኛ ግን «ኤከራ» የሚባል ቃል አለ። ኤከራ የሞተ ሰው መንፈስ ነው። ኤከራ አለ ካላችሁ ሟች አለ ማለት ነው፤ ሟች ካለ ደግሞ «የማን?» ብሎ መጠየቅ ይቻላል። «ሰይጣን ይዞታል» ሲባል ወሬው እዚያው ያልቃል፤ «ኤከራ አለበት» ሲባል ገና መጀመሩ ነው።

ይህን ካሰብኩ በኋላ አዲስ አበባ የማውቃቸው ቤቶች በሌላ መልክ ይታዩኝ ጀመር።

በአዲስ አበባ በሰይጣን ስም የሚጠራ ቤት አንድ ብቻ ነው የማውቀው፤ ቴዎድሮስ አደባባይ አካባቢ ያለው «የሰይጣን ቤት»። ከመቶ ዓመት በፊት ሲኒማ የታየበት ቤት ነው፤ ኋላም በሜጋ አምፊ ቲያትር ስም ቲያትርና ዝግጅት ሲታይበት ኖሯል። ስሙን ያገኘው ግድግዳ ላይ የሚንቀሳቀስ ጥላ ያየ ሕዝብ ነገሩን የሰይጣን ሥራ ነው ስላለ ነው። ስልክም ወደ አገራችን ሲገባ ተመሳሳይ ነገር ተብሎበታል ይባላል። እንግዲህ አስቡት፤ በዚያ ቤት ሰው ሲታረድ ያየ የለም። የታየው ፊልም ነው። ሰይጣን የሚለው ስም ግን ለመቶ ዓመት ተጣብቆበት ቀረ።

አሁን ደግሞ ወደ ስድስት ኪሎ እንሂድ። የዛሬው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ዋና ግቢ የንጉሡ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነበር። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የነመንግሥቱ ንዋይ መፈንቅለ መንግሥት ሲከሽፍ፣ አረንጓዴው ሳሎን ውስጥ ታግተው የነበሩ ባለሥልጣናትና መኳንንት ላይ ተተኮሰ። ራስ አበበ አረጋይ፣ ራስ ሥዩም መንገሻና ሌሎችም፣ በጠቅላላው 15 ሰዎች እዚያው አለቁ። በዓመቱ ግቢው ዩኒቨርሲቲ ሆነ። ዛሬ ተማሪ ይመረቅበታል፣ ጉባኤ ይካሄድበታል፣ ሙዚየሙን የውጭ እንግዳ ይጎበኘዋል። «የሰይጣን ቤት» ያለው ግን የለም።

ወደ ታላቁ ቤተ መንግሥት ስትመጡ ነገሩ ይከብዳል። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ሌሊት ደርግ ከፈጃቸው ወደ 60 ገደማ ሰዎች ብዙዎቹ ከመገደላቸው በፊት የታሰሩት በዚሁ ግቢ ምድር ቤት ውስጥ ነው። ንጉሡ ራሳቸው ነሐሴ 1967 ዓ.ም. እዚያው ግቢ ውስጥ ሞቱ። አስከሬናቸው በ1984 ዓ.ም. ከመሬት በታች ተቆፍሮ እስኪወጣ ድረስ ሕዝቡ ስለ መቃብሩ በሹክሹክታ ብቻ ነበር የሚያወራው፤ መንግሥቱ ጠረጴዛውን መቃብሩ ላይ አድርጎ ነው የሚሠራው እየተባለ። በሥርዓት የተቀበሩት በጥቅምት 1993 ዓ.ም. ነው፣ ከሞቱ ከ25 ዓመት በኋላ።

በዚሁ ግቢ ባለው የምኒልክ የግብር አዳራሽ ግንቦት 11 ቀን 2011 ዓ.ም. «ገበታ ለሸገር» ተበላ። ለአንድ ወንበር 5 ሚሊዮን ብር። ከወራት በኋላ ግቢው አንድነት ፓርክ ሆኖ ለሕዝብ ተከፈተ። መከፈቱን የደገፍኩ ሰው ነኝ፤ ዛሬም እደግፋለሁ። ተዘግቶ ከሚፈራ ግቢ ተከፍቶ የሚጎበኝ ግቢ ይሻላል። ምድር ቤቱን ወርዶ ማየት መቻሉ ደግሞ ከሁሉ ይበልጣል።

እነዚያ 60ዎቹ የተረሸኑበት ዓለም በቃኝ የት ደረሰ? ፈረሰ። ቦታው ላይ የአፍሪካ ኅብረት ጽሕፈት ቤትና ትልቁ የስብሰባ አዳራሽ ቆመ፤ በጥር 2004 ዓ.ም. ተመረቀ። አህጉሩ ሁሉ እዚያ ይሰበሰባል።

ስለዚህ ሂሳቡ እንዲህ ነው፦ ሰው ያልሞተበት ሲኒማ ቤት ሰይጣን አለበት፤ ሰው ያለቀባቸው ግቢዎች ደግሞ የስብሰባና የግብዣ ቦታዎች ናቸው። አንዳንድ ወዳጆቼ «ሕዝቡ ኋላ ቀር ስለሆነ ነው» ይሉኛል። እኔ አይመስለኝም። በትልልቆቹ ግቢዎች የሞቱት ሰዎች ስማቸው ይታወቃል። ተጽፎላቸዋል፣ ሐውልትና መቃብር አላቸው፣ ቤተሰቦቻቸው ተሟግተዋል። ኤከራ ሆኖ መዞር አላስፈለጋቸውም። ችግሩ ያለው ስም ያልወጣላቸው ጋ ነው፤ እነሱ ደግሞ በየወረዳው ናቸው።

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ በአንድ ቀን በሺህ የሚቆጠሩ ቤቶችን ከባለቤቶቻቸው ወሰደ። ከመካከላቸው ትልልቆቹ የቀበሌና የከፍተኛ ጽሕፈት ቤት፣ የማኅበራት አዳራሽ፣ ክሊኒክ ሆኑ። ሁለት ዓመት ሳይሞላ ቀይ ሽብር መጣ። ያኔ ቀበሌ ማለት መታሰሪያ ማለት ነበር። የባላባቱ ሳሎን የስብሰባ አዳራሽ፣ ጓዳው መግረፊያ የሆነበት ቤት በአገሪቱ ስንት እንደሆነ ተቆጥሮ አያውቅም። አዲስ አበባ ላይ ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ መስቀል አደባባይ ሙዚየም አለ። በየክፍለ ሀገሩ ያሉት ቤቶች ግን ቀለም ተቀብተው ወደ ሥራ ተመልሰዋል። እኔ በልጅነቴ ሰርግ የበላሁት፣ ቪዲዮ ያየሁት፣ የሰፈር ተዝካር ላይ የተቀመጥኩት የቀበሌ አዳራሽ ውስጥ ነው። ከእኛ በፊት ማን እንደነበረበት የነገረን አንድም ትልቅ ሰው አልነበረም። «ማታ እንዳትጠጉት» ብቻ ነበር የሚሉን።

ሌላው ዓለም ይህን ጉዳይ እንዴት እንደያዘው ባጭሩ ላንሳ። በአሜሪካ ደቡብ ግዛቶች ባሪያዎች የጥጥ እርሻ የሚያርሱባቸው የነበሩ ቪላዎች ዛሬ ተወዳጅ የሰርግ ቦታዎች ናቸው። በ2012 እ.ኤ.አ. ሁለቱ የፊልም ተዋንያን ብሌክ ላይቭሊና ራያን ሬይኖልድስ እንዲህ ያለ እርሻ ላይ ተጋብተው ነበር፤ ከዓመታት በኋላ በአደባባይ ይቅርታ ጠይቀዋል። በ2019 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ደግሞ ፒንተረስት እነዚህን ቦታዎች ለሰርግ ማስተዋወቅ እንደሚያቆም አስታውቋል። ይበልጥ የገረመኝ ግን የሉዊዚያናው «መርትልስ» የሚባለው ቤት ነው። ክሎዊ የምትባል ባሪያ የጌቶቿን ልጆች መርዛ ገደለች፣ ዛሬም መንፈሷ በቤቱ ይዞራል ተብሎ ጎብኚ ይጎርፍበታል። ሰነድ ያገላበጡ ሰዎች ክሎዊ የምትባል ሴት ስም በመዝገብ ውስጥ አላገኙም፤ የቤቱ ልጆችም ሞቱ የሚባለው በቢጫ ወባ ነው። ቲያ ማይልስ የተባለች የታሪክ ምሁር በ2015 እ.ኤ.አ. በዚህ የመናፍስት ጉብኝት ንግድ ላይ መጽሐፍ አሳትማለች። የሚያሳዝነው እንግዲህ እዚያ በእርግጥ የኖሩትና የሞቱት ባሪያዎች ሳይታወቁ፣ ያልኖረችው ቲኬት መሸጧ ነው።

እኛ ገና ቲኬት መሸጥ አልጀመርንም። ግን ሩቅ አይደለንም። ግቢውን የተከራየው ሰው ስለ ጩኸቱ ሳነሳበት መጀመሪያ ደነገጠ፣ ከዚያ ትንሽ አሰበና «ይሄ እኮ በቲክቶክ ቢወጣ ሰው ያመጣል» አለኝ።

ወደ ማጣራቴ ልመለስ። በሦስተኛው ቀን አንድ ሽማግሌ ዘንድ ወሰዱኝ። ስማቸውን አልጽፍም፤ እሳቸውም አልፈለጉም። ስለ ቤቱ ስጠይቃቸው ብዙ ቆዩና «ልጄ፣ ምንድን ነው የሚሉህ?» አሉኝ።

«ሌሊት ሰው ይጮኻል ይላሉ አባባ» አልኳቸው።

«እውነት ነው፤ እኔም ሰምቻለሁ። በ1970 ነው የሰማሁት። ከኋላ ባለችው ክፍል አራት ወር ነበርኩ» አሉኝ።

ከዚያ በኋላ የነገሩኝን ሁሉ እዚህ አልዘረዝርም። የገረፏቸው ልጆች የሰፈራቸው ልጆች ነበሩ። አብረዋቸው ከታሰሩት ሁለቱ አንድ ሌሊት ተጠርተው ወጡ፤ አልተመለሱም። አስከሬን አልተሰጠም፤ ለቅሶም ተከልክሎ ነበር። የሁለቱንም ስም ከነአባታቸው ነገሩኝ። በ«ሰይጣኑ» ወሬ ውስጥ ሦስት ቀን ሙሉ ያላገኘሁትን ስም እሳቸው በሁለት ደቂቃ ጠሩልኝ። ከዚያ በፊትስ? ብዬ ስጠይቅ ደግሞ ሌላ ነገር ጨመሩ፤ አባታቸው ለዚያው ቤት ባለቤት ገባር ነበሩ፣ በበረንዳው ሥር እህል ተሸክመው ቆመዋል። አንድ ቤት፣ ሁለት ዘመን፣ ሁለት ዓይነት ብሶት። ከወርቁና ከገረዷ ተረት ጀርባ ይሄ ሁሉ ነበር።

ለአክስቴ ሄጄ ስነግራት ያሸነፈች መስሎኝ ነበር። እሷ ግን ምንም አልተደሰተችም። «እንግዲያው ጉማ ነዋ» አለች።

ለማያውቀው ላስረዳ። በአርሲ ኦሮሞ ዘንድ ሰው ሲገደል በሽማግሌዎች ፊት ጉማ ይወጣል፦ ገዳይ ወገን ያምናል፣ ካሣ ይከፈላል፣ እርቅ ይወርዳል። እስከዚያ ድረስ ሁለቱ ወገኖች በአንድ ማዕድ አይበሉም፣ አይጠጡም። በአማራውም ባህል ደም ሳይደርቅ አብሮ መብላት ነውር ነው። አክስቴ የፈራችው ጩኸት አይደለም። ደሙ ያልተነሳበት ቤት ውስጥ፣ የገራፊውም የተገራፊውም ልጆች በሚቀመጡበት ድንኳን፣ ለልጇ እንጀራ መቁረስ ነው የከበዳት። እኛ «አጉል እምነት» ብለን የሳቅንበት ነገር ከብዙዎቻችን የበለጠ ሕግ የሚያውቅ ነገር ሆኖ አገኘሁት።

ታዲያ ምን ይደረግ? ቤቱ ይዘጋ የሚሉ አሉ። አልስማማም። ወና የሆነ ቤት ይፈርሳል፤ ሲፈርስ ደግሞ የሽማግሌው አራት ወር አብሮ ይፈርሳል። ለሥራ የዋለ ቤት ጣሪያው ይጠገናል። ሰርጉም ይደገስበት፤ ሕፃናትም ይሩጡበት። እኔ የምለው አንድ ነገር ነው፦ አሮጌ የመንግሥት ቤት ለአዳራሽነት የሚከራይ ከሆነ፣ በኪራይ ውሉ ላይ አንድ መስመር ይጨመር። ቤቱን ማን ሠራው፣ በማን ጉልበት፣ ማን ኖረበት፣ መቼ ተወረሰ፣ በኋላ ምን ሆነ፣ ማን ታሰረበት፣ ማን ከዚያ ወጥቶ አልተመለሰም፤ ይሄ በአንድ ሰሌዳ በአማርኛም በኦሮምኛም ተጽፎ በር ላይ ይለጠፍ። የወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ሽማግሌዎቹን ቁጭ አድርጎ ቢጠይቅ የአንድ ሳምንት ሥራ ነው። የሰሌዳው ወጪ ከአንድ ሰርግ የዲኮር ወጪ ያንሳል። ችኮላ ያለው ደግሞ በሽማግሌዎቹ በኩል ነው፤ በ1970 ዓ.ም. ሃያ ዓመት የነበረው ሰው ዛሬ ወደ ሰባ ተጠግቷል።

ሁለት ተቃውሞ ይመጣብኛል። የመጀመሪያው «ሰርግ ላይ ሙት ማንሳት ሟርት ነው» የሚል ነው። ነገር ግን በእኛ አገር ሙሽራ ሲመረቅ አያት ቅድመ አያት ይጠራል፣ የሞቱት ሳይጠሩ ምርቃት ሙሉ አይሆንም። ሁለተኛው ከባድ ነው። «ገባርና ባላባት፣ ገራፊና ተገራፊ ብለህ ስትጽፍ የተኛ ጠብ ትቀሰቅሳለህ» ይሉኛል። አርሲ ውስጥ ይህ ቀልድ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ስለ አኖሌ ሐውልት ስንት ዓመት እንደተባባልን ሁላችንም እናስታውሳለን። ግን እኔ ያየሁት ጠቡ እንዳልተኛ ነው። ለሁለት ሳምንት አንድ ቤተሰብ በሰይጣን ስም ሲናቆር የነበረው በዚሁ ነገር ነው፤ ስሙን ሳያውቅ። በአንድ ቤት ታሪክ ላይ ሁለቱም ዘመን እኩል ከተጻፈ ደግሞ አንዱ ወገን ብቻ ተከሳሽ የሚሆንበት መንገድ ይጠባል። የባላባቱ የልጅ ልጆችም ቤታቸው በአንድ ቀን ተወርሶባቸው ወጥተዋል፤ ይሄም ሰሌዳው ላይ ይግባ።

የገራፊዎቹ ስም ይጻፍ ወይ? ይህን ለሽማግሌው አቅርቤላቸው ነበር። «የሄዱትን ጻፍ፤ ያሉትን እግዜር ያውቃቸዋል» ነው ያሉኝ። እኔ በግሌ እዚህ ላይ እርግጠኛ አይደለሁም። ፍርድ ቤት ያልወሰነውን በር ላይ መለጠፍ ግን ትክክል አይመስለኝም።

ሰርጉ ተደገሰ፤ እዚያው ቤት። አክስቴ ሁለት ነገር ጠይቃ ነበር። አንደኛው፣ ከድግሱ በፊት ሽማግሌዎች ተጠርተው የሁለቱ ልጆች ስም ተነስቶ እንዲመረቅ። ተደረገ፤ አንዱ በአማርኛ፣ አንዱ በኦሮምኛ መረቁ፣ ከአሥር ደቂቃ አልበለጠም። ሁለተኛው፣ የኋላዋን ክፍል የሙሽራዋ መልበሻ እንዳያደርጓት። አከራዩ ቅር አለው፤ መስታወት የሰቀለው እዚያ ነበር። ግን ቆለፋት። የነገሩኝ ሽማግሌ ጥሪ ደርሷቸው ነበር፤ አልመጡም። በልጃቸው በኩል አንድ በግ ልከዋል።

የሰሌዳውን ጽሑፍ ሽማግሌው እየነገሩኝ ጽፌ ለአከራዩ ሰጥቼዋለሁ፤ አንድ ገጽ አይሞላም። «የሰርጉ ወቅት ይለፍና እሰቅለዋለሁ» ብሎኝ ነበር። ወቅቱ ካለፈ ቆየ። በዚህ ሳምንት ደውዬ እጠይቀዋለሁ።